አያ ገብሬ የጠፈር ወታደር ሲያሻሽጡ

ባለፈው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የስልክ ዕቃ መሸጫዬ ውስጥ አንድ ሰውዬ ያገለገለ ስልኩን ለሌላ ሰውዬ ሲሸጥ ነበር። ገዥው ስልኩን ትቶ ካርቶኑን ያገላብጣል። የካርቶኑ ጠርዝ ትንሽ ተጨማዷል ብሎ ፊቱን ከካርቶኑ የባሰ አጨማደደ። «ወንድሜ፣ የምትደውለው በካርቶኑ ነው እንዴ?» አልኩት። ሁለቱም አኩርፈው ወጡ። አፌ እንዲህ ነው፣ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ካርቶን ምን ያህል ክብር እንዳለው ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያወቅሁትም አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ የፕላስቲክ ወታደር ምክንያት ነው።

ታላቅ እህቴ አበባ ከሪያድ የተመለሰችው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት ለእናታችን ብርድ ልብስ፣ ለአባታችን የእጅ ባትሪ ወጣ። የእኔ ጫማ ነው ብዬ እግሬን ታጥቤ ስጠብቅ፣ ፊቱ እንደ መስኮት በሚያሳይ ካርቶን የታሸገ አንድ ወታደር ወጣ። ጠፈር ላይ የሚዋጋ ዓይነት ነው፤ ራሱን የራስ ቁር ሸፍኖታል፣ ደረቱ ላይ መብራት የሚመስል ነገር ተስሎበታል፣ ከጎኑ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጠመንጃ ተቀምጣለታለች። የአሠሪዋ ልጅ ለልደቱ ሁለት ተመሳሳይ መጥቶለት አንዱን ሰጥቷት ነው።

«አየሽ፣ አልተከፈተም እኮ፣ አዲስ ነው» አለችኝ ልታጽናናኝ።

«ጫማ ቢሆን ተከፍቶም እወስደው ነበር» አልኳት። ከነካርቶኑ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን አቆምኩትና ረሳሁት።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ኤርምያስ የሚባል የውኃ ኢንጂነር አንዷን ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሲመጣ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ መጣ። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንዱን ቁልቁለት ወርጄ ሌላውን ዳገት እወጣለሁ። በበጋ ዩኒፎርሜ አቧራ ይለብሳል፤ በክረምት ጭቃው ጫማዬን አውልቆ ይቀማኛል። ኤርምያስ ያንን ቁልቁለት ሽው ብሎ ሲወርደው ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። የጠላሁት መንገዱን አልነበረም፤ መዘግየቱን ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ሁሉ እስከዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥር ላይ የኤርምያስ ሥራ አለቀና ሊሄድ ሆነ። እናቴ ጠርታው ዳቦ በማር አቀረበችለት፤ የአገራችንን ነጭ ማር። አንዴ እንደጎረሰ ዓይኑ ቡፌው ላይ ቀረ። ማሩ በጣቶቹ መሃል ወርዶ እጅጌው ውስጥ ሲገባ እንኳ አልታወቀውም።

«ይሄ… ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

«ቆሟል» አልኩት።

ለካ እንዲህ ዓይነቱን ወታደር የሚሰበስብ ሰው ኖሯል። የወታደሩን ጓደኞች በሙሉ እናቱ ቤት መደርደሪያ ላይ አሰልፏቸው የጎደለው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ውኃ የሚያወጣ ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም አጠገቡ አቁሞ ያስተምረኝ ጀመር። የካርቶኑ ማዕዘን እንዳልተመታ ማየት ነው አለ፤ የመስኮቱ ፕላስቲክ ቢጫ እንዳልሆነ፣ ቀለሙ ከመስመሩ እንዳልወጣ፣ እግሩ ሥር የፋብሪካው ማኅተም እንዳለ። «ከሁሉ በላይ ግን ምንም እንዳይጎድለው ነው። ያቺ ጠመንጃ ከጠፋች ዋጋው ገደል ገባ ማለት ነው።»

እኔ በበሩ በኩል ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ብስክሌት እያየሁ ነበር። «በብስክሌቷ ቀይረኝ» አልኩት።

ብስክሌቷን አየ፣ ወታደሩን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ። ነገ ወደ ዝቋላ ወረዳ ለመጨረሻ ሥራ እወጣለሁ። ከነገ ወዲያ ጠዋት መኪና ሊወስደኝ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት እንጨርሳለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ አደራ።»

እኔማ አልነካሁትም። ነገር ግን በማግስቱ የገበያው ዋዜማ ነበርና አጎቴ አያ ገብሬ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ከጽጽቃ ገቡ። አያ ገብሬ የፍየል ደላላ ናቸው፤ በገበያ ዋዜማ የሚያድሩት እኛ ቤት ነው። እናቴ የብስክሌቱን ነገር ነገረቻቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርቶኑ ተቀዶ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ወታደሩ አያ ገብሬ ጭን ላይ ተኝቷል።

«ምን አደረጉ አያ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ትጮሂያለሽ? ሳልዳስሰው ምን ብዬ ዋጋ ልናገርለት?»

በሁለት ጣት ወገቡን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉ። «ሥጋ የለውም።» ጥርሱን ሊያዩ የራስ ቁሩን ጎተቱ፤ አልወልቅ አለ። «አፍም የለው። ይሄ በምን ይበላል?» አንገቱን ሲያዞሩት ዞሮ ጀርባው ላይ ደረሰ፤ ደንግጠው በስመ አብ አሉና መለሱት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቁመው ገፋ ሲያደርጉት ሳይወድቅ ቀረ። «እግሩ ግን ደህና ነው። ፍየል ቢሆን ዳገት ያወጣ ነበር።» ለነገ ያምርበታል ብለው በእህቴ ቫዝሊን ከራሱ እስከ ጫማው ወለወሉት። የተቀደደውን ካርቶን በፕላስተር ስለጥፍ አመሸሁ።

ጠዋት ኤርምያስ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ካርቶኑን ሲያይ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሞቶበት የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ገብሬ ደረታቸውን ነፍተው። «ቀንዱን፣ ጥፍሩን፣ ሁሉን አይቼልሃለሁ። እንከን የለውም።»

ኤርምያስ ወታደሩን አንስቶ አሸተተው። «ቫዝሊን ነው?» አለ። እግሩን ገልብጦ ማኅተሙን አየ፣ መገጣጠሚያዎቹን አጠፈ ዘረጋ፣ ቀለሙን ፀሐይ ላይ አዙሮ መረመረ። እኔ ብስክሌቷን እያየሁ እጠብቃለሁ። ቀስ እያለ ፊቱ ተፈታ። «ይሁን፤ ቢከፈትም ኦርጂናል ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቆም ነው። ጠመንጃውስ?»

ካርቶኑን አራገፍኩ። የለም።

«እሱማ ይቀራል» አሉ አያ ገብሬ ተረጋግተው። «ፍየል ስሸጥ ገመዷን ለገዥ ሰጥቼ አላውቅም። ገመዱ ከሄደ የቤቱ ዕድል ተከትሎት ይሄዳል። ለዚህ ገመድ ባጣ ጠመንጃውን አስቀረሁለት።»

«የት አስቀሩት?» አልኩ።

«ጎታው ውስጥ ጣልኩታ! የቤት ዕድል ሌላ የት ይቀመጣል?»

ጎታው በአዲሱ ማሽላ እስከ አፉ ሞልቷል። ኤርምያስ ንጹሕ ሸሚዙን ሰብስቦ እስከ ትከሻው ገባበት፤ ቆይቶ ጭንቅላቱም ገባ። እኔ የወጣውን ማሽላ በወንፊት እነፋለሁ። አያ ገብሬ ከላይ ሆነው «ወደ ግራ ነው የጣልኩት መሰለኝ» ይላሉ፣ ደግሞ ቆየት ብለው «የለም፣ ወደ ቀኝ።» እናቴ ውኃ ቀድታ ስትገባ የተከራያችንን ወገብ ብቻ ከጎታው ወጥቶ አየች። «ኧረ የሰው ያለህ! ኪራዩን የከፈለ ሰው ምን ጎድሎበት ነው?» አለች።

ውጭ መኪናው ክላክስ አደረገ። ደገመ። ኤርምያስ ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ለብሶ ወጣ፤ እጁ ባዶ ነው። ሾፌሩ በሦስተኛው ክላክስ ላይ ተኛበት።

«አያ» አልኩ፣ «ዕድላችንማ ጎታው ውስጥ ነው። እኔ ግን በእግሬ መሄዴ ነው።» ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ወንፊቱን ፊቴ ላይ ያዝኩት።

ኤርምያስ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ገለባው እስኪረግፍ ሳቀ። «አባቴ» አላቸው፣ «ይሄ ልማድ ለሻጭ ሁሉ ነው?»

«ለሻጭ ሁሉ።»

«እኔም የብስክሌት ሻጭ ነኝ አይደል?» አለና ከሻንጣው መፍቻ አወጣ። የብስክሌቷን መቀመጫ ፈታ፣ ነቀለ፣ ከወታደሩ ጋር ብብቱ ሥር ሸጎጠው። «እንግዲያው የእኔም ዕድል እንዳይሄድብኝ።»

አያ ገብሬ ክርክር ሲጠናባቸው ወደ አገሩ ቋንቋ ወደ ኽምጣንጋ መሻገር ልማዳቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለብቻቸው ሦስት አራት ቃል አጉተመተሙና አቆሙ። በራሳቸው ሕግ ተይዘዋል። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። «ይሄ ልጅ ውኃ ላይ የባከነ ነው» አሉኝ መኪናው ሲርቅ። «ፍየል ተራ ቢውል ሰው ይሆን ነበር።»

ብስክሌቷን ቆሜ ነዳኋት። ለመቀመጫ የሚሆን ነገር ሰቆጣ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ባዶው ብረት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ያም ቢሆን ለመቀመጥ ሳይሆን ልብስ እንዳይቀድብኝ ነው፣ አሥረኛን በቆምኩበት ጨረስኩ። ተማሪው «ቁጭ በይ እንጂ!» እያለ ይስቅብኛል፤ እኔ በአጠገቡ አልፌ ቀድሜው እደርሳለሁ። ባቴ እንደ ተራራ ወጪ ወታደር ጠነከረ። ያቺ ጠመንጃ ማሽላው ሁሉ ተፈጭቶ እስኪያልቅ አልተገኘችም፤ እናቴ ያን ዓመት እንጀራ በጎረስን ቁጥር «ጥርሳችሁን!» ትለን ነበር።

ያ ወታደር በእውነት ምን ያህል ያወጣ እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ማዕዘንና ማኅተም መመርመር ተምሬያለሁ፤ ደንበኞቼም ይመሰክራሉ። ግን አንድ ሰው የራሱን ዕቃ ሊሸጥ ሲመጣ ዕቃውን ከማየቴ በፊት እጁን አያለሁ፤ ምን ሊያስቀር እንዳሰበ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁሉም ያስቀራል። አንዱ ቻርጀሩን ይረሳል፣ ሌላው ሽፋኑን ኪሱ ይከታል። ዘመናዊ ነኝ የምለው እኔም ስልክ በሸጥኩ ቁጥር ሲም ካርድ ማውጫዋን ትንሽ መርፌ አስቀርቼ መሳቢያዬ ውስጥ እጥላታለሁ። ገዥው ተመልሶ መጥቶ ይጨቃጨቀኛል። ልስጠው እላለሁ፣ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ መርፌዎቹን ሁሉ አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

«ወንድሜ» እለዋለሁ፣ «በስፒል አውጣው።»