የይስማው ቀለም

ባለፈው ሰሞን ለቤቴ ግድግዳ ቀለም ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ትንንሽ ናሙና የተለጠፈበት ደብተር ከፊቴ ዘረጋልኝ። ቀለሞቹ ሁሉ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ገጾቹን ስገልጥ ደከመኝና ልተወው ስል፣ ዓይኔ አንዱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ልጅ እያለሁ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው መንደራችን፣ ቀለም ሁሉ ወላጅ ነበረው። ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ይስማው ነው። የዶሮዋ ገብስማ ከገብስ፣ የአህያዋ አመድማ ከምድጃ አመድ፣ የደብተሬ ሽፋን ሰማያዊም ከሰማይ የተወለደ ነው ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ እርጥብ አፈርና የታጨደ ሣር እየሸተተን፣ ያየውን ሁሉ እየጠቆመ «ይኸ የምን ልጅ ነው?» ይለኛል። ከተሳሳትኩ የሁለታችንንም ደብተር እሸከማለሁ። ስለ ቀይና ስለ ጥቁር ስጠይቀው ግን «እነሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወላጆቻቸውን የሚያውቅ የለም» ብሎ ይገላገለኛል። ብልጥ ነበር፤ የማያውቀውን እንኳ አሳምሮ ነው የሚመልሰው።

ይስማውን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ዓመት ሳይሞላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ግቢያችን ገቡ። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር በአገራችን ልጅም ያውቃል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሐዘንተኛ ነጭ ቀሚሷን ጥቁር ትነክራለች። የእናቴ ቀሚስ ደግሞ አንድ ነው። አክስቴ ከገሳይ ገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ቀለም ገዛችና «ይዘሽ ቅደሚ፣ ለእናትሽ ስጫት» አለችኝ። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ከቀረ ይስማው አልሞተም ማለት ነው። ወንዙ ዳር ስደርስ ወረቀቱን ፈትቼ ቀለሙን ውኃው ላይ አራገፍኩት። ውኃው ጠቆረ፤ ወዲያው ደግሞ ጠራ። ወንድሜን ያዳንኩት መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ቀለሙስ?» አለችኝ እናቴ።

«ወንዝ ወሰደው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ እንጂ አልተቆጣችኝም። ለቁጣም አቅም አልነበራትም። ተነስታ ከረግረጉ ጥቁር ጭቃ ዝቃ መጣች፤ ቅጠል ጨምራ አፈላችውና ቀሚሷን ነከረችበት። ሲደርቅ ጥቁርም ቡናማም አልሆነም። ከለቅሶ ደራሾቹ አንዱ አመድማ ሲለው ሌላው ጭቃማ ሲለው፣ እኔ መታገሥ አቃተኝ።

«እማ፣ ይኸ የምን ልጅ ነው?»

ጨዋታችንን ታውቀው ነበር። ቀሚሷን በመዳፏ ዳበሰችው።

«የይስማው ነው፣ ልጄ» አለችኝ። «ይኸ የይስማው ነው።»

መሞቱን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ቀሚሱንም ላይዋ ላይ እስኪያልቅ ለበሰችው።

ያኔ ለቀለም ሁሉ ወላጅ የሚፈልግ ሰው ነበረን። ዛሬ ቁጥሩን የሚነግረኝ አላጣሁም፤ የምን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ሻጩ ዓይኔ የት እንደቀረ አይቶ ጣቱን እዚያው ናሙና ላይ አሳረፈ። ያው ራሱ ነበር፣ የእናቴ ቀሚስ።

«እናቴ፣ ይኸን ላድርግልዎ?» ብሎ ቁጥሩን ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ።

«አይ፣ ልጄ» አልኩት። «ነጩን ስጠኝ።»