የፈለቀ ሆደ ዝርግ ጀልባ

ፈለቀ መርካቶ ውስጥ ከሱቄ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ ያከፋፍላል። እኔ ሀምዲያ ደግሞ ገመድ እሸጣለሁ፤ ሰውየው ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሞተር ጀልባ ካልገዛሁ ብሎ አሳበደን። ጀልባ! የክረምት ጎርፍ ካልሆነ መርካቶ ምን ውሃ አላት?

ነገሩ የእናቱ ነው። እትዬ አልጋነሽ ዝዋይ ሀይቅ መሀል ደሴት ላይ ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ ብርሃናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ቶሎ ይምጡ ብሏል። በደጃቸው በኩል ያለው ውሃ ግን ሰው ለሚያመላልሰው ትልቅ ጀልባ አይበቃውም፤ ከሩቅ ይቆማል። ታዝለው ይሳፈሩ ሲባሉ፣ "በሰው ጫንቃ ከዚህ ቤት የምወጣው ስሞት ነው" ብለው እምቢ አሉ።

ፈለቀ ደጃቸው የምትደርስ ጀልባ ማማረጥ ጀመረ። ሆዱ ሹል የሆነው ማዕበል ይሰነጥቃል፣ ደጅ ግን አይደርስም። ሆዱ ዝርግ የሆነው ጉልበት በማይሞላ ውሃ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን መቀመጫህን በጥፊ ይልሃል። ትልቅ ሞተር ይፈጥናል፣ ግን ቤንዚን ይጠጣል፣ ክብደቱም ጀልባዋን ከኋላዋ ያሰምጣታል። ሻጩ ይህን ሁሉ አስረዳው። የኛ ጉድ ሰምቶ ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ስንት ኩንታል ትጭናለች?"

ብቻ ዝርጓን ከትንሽ ሞተር ጋር ገዛ። እኔም ሀይቅ አይቼ ስለማላውቅ አብሬው ሄድኩ። ታዲያ ከመርካቶ ባዶውን የሚወጣ ማን አለ? እግረ መንገዴን ለደሴቱ ሰው ልሽጥ ብሎ ስኳሩን፣ ፍራሹን፣ ወንበሩን ከመረባት። "ኧረ በፈጠረህ ቀንስ!" ስለው፣ "አንድ ጆንያ ምን ታመጣለች?" አለኝ።

ሀይቁን ተሻግረን ደጃቸው አጠገብ ካለው ደንገል ውስጥ ስንገባ ጀልባዋ ከጭነቱ ብዛት ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እትዬ አልጋነሽ ነጭ ለብሰው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ያ የሚያህል ክምር ለደካማ ዓይንም ይታያል።

"እማዬ፣ ይቺን ታህል መንገድ ልዘልሽ?" አለ ፈለቀ።

"ልትወስደኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትነግድ?" አሉና ገብተው በሩን ዘጉት።

ፈለቀ አንዴ በሩን፣ አንዴ ጭነቱን ያያል። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም። "ምን ትገተራለህ? ጣለው!" አልኩት። ፍራሹን ወረወረ፣ ወንበሩን ወረወረ። ስኳሩን ሲገፋው "ያ አላህ!" ብዬ ጮህኩ፤ ለሀይቁ የቀረው ሻይ ቅጠል ብቻ ነበር።

ጀልባዋ ከጭቃው ተላቀቀች። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በእንጨት እየገፋ ደጃፉ ድረስ አስጠጋት።

"እማዬ፣ ባዶዬን መጥቻለሁ" አለ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ አልጋነሽ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጀልባዋን በእግራቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጓት። ፈለቀ ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ መትተው መለሱት፤ ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ ያንኑ እጅ በዳበሳ ፈልገው ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ ሳይለቁትም "በል ንዳ" አሉት።