ኪሳራው ለእኔ ብቻ ይሁን

የንግድ ሕግን የተማርኩት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነበርኩ። መስኮቱ ሲከፈት «ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን» የሚሉት የአውቶቡስ ረዳቶች ድምፅ ይገባል፤ ሲዘጋ ደግሞ ሙቀቱ ይገድለናል። መምህራችን ከሁለቱም አይጣሉም። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ረዳቶቹ ተጣርተው እስኪያልፉ ይጠብቁና ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ትርጉም ከማስጻፋቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁናል፦ «ይህ ሕግ ባይኖር ማን ይጎዳል?» መልሱን ካላገኘን ንቅንቅ የለም። እኔ ሰው በቀላሉ አላደንቅም፣ ቤተሰቦቼ ይመስክሩ። እሳቸውን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ወደድኳቸው።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ወሰን ሰፈር ጋራዥ ሊከፍት ተነሳ። የሚከፍተው በሰው ጋራዥ ለዓመታት አብሮት ከሠራ ጓደኛው ጋር ነው። ወንድሜ መሣሪያውንና የግቢውን ኪራይ ያመጣል፣ ጓደኛው ደግሞ ጉልበቱንና እውቀቱን። ጓደኛው የእንጦጦ ግርጌ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻቸው ከተማ ከሆነ በኋላ ጥበቃ ተቀጥረው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ወንድሜ ይህን ሁሉ ያውቃል። ውሉን ራሱ አረቀቀና በጥሩ ጽሑፍ እንድገለብጥለት ሰጠኝ። ትርፉ እኩል ነው ይላል። ከሥሩ ግን «ኪሳራ ቢመጣ የእኔ ብቻ ነው፣ ጓደኛዬን አይነካውም» የሚል አንቀጽ አለ።

«የእሱ ቤተሰብ እስካሁን የከሰረው ይበቃዋል» አለኝ።

ወንድሜ ቁጡ ነው። ምሳ ትንሽ ከዘገየ ሳህን የሚያንኳኳ ሰው ነው። ያንን አንቀጽ ሳነብ ግን እንባዬ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ውሉን ለመምህሬ ያሳየሁት እንዲያደንቁልኝ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «ወንድምሽ ደግ ሰው ነው» አሉ። «ይህ አንቀጽ ግን በሕግ አይጸናም።»

«እሱ እኮ ወዶ ፈቅዶ ነው» አልኳቸው።

«ማን ይጎዳል?»

«ማንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕጉ አንድን ሸሪክ ከትርፍ ማግለልን እንደሚከለክል ሁሉ፣ ከኪሳራ ማግለልንም እንደሚከለክል አስረዱኝ። «ጉዳት የማይደርስበት ሰው ሸሪክ አይደለም፣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን ይበላል እንጂ ወጡ ጨው በዝቶበታል አይልም» አሉኝ።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ደግነትም በሕግ ተከለከለ በዪኛ» አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኔም ከብዶኝ ነበር። እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ግቢው ሲመረጥም፣ ዋጋ ሲወሰንም ይህ ሰው አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ» ሲል ጓደኛው ጨመረ።

«እኔ ሎሚ አልሸጥም» አለ ወንድሜ። ቢሆንም አንቀጹን ሰረዙት፤ ትርፉንም ኪሳራውንም እኩል አድርገው ውልና ማስረጃ ሄደው ፈረሙ። ወንድሜ እያጉረመረመ ነው የፈረመው። በኋላ እንደነገረኝ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ጓደኛውን ወደ ኋላ ገፍቶ ለብቻው እንደሚጋፈጠው በልቡ ወስኖ ነበር።

ክፉው ቀን በክረምት መጣ። የአንድ ሽማግሌ ፒካፕ፣ ወንድሜ ፍሬኗን ሠርቶ በለቀቃት ማግስት፣ ባሕር ዛፍ ጭና ከእንጦጦ ማርያም ስትወርድ ፍሬኗ እምቢ አለ። ሽማግሌው ቶሎ ብለው ከድንጋይ አጥር ጋር አላተሟት። እግዜር ይመስገን፣ እሳቸው ግንባራቸው ተጭሮ ብቻ ተረፉ። የመኪናዋ ፊት ግን እንዳልነበር ሆኗል። ስልክ ሲደወል ጋራዡ ውስጥ ነበርኩና ሦስታችንም ወጣን። እንደደረስን ወንድሜ ወደ ጓደኛው ዞረና «አንተ ተመለስ። ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ» አለው።

ጓደኛው ግን አልፎት ሄደና ሽማግሌውን ጎንበስ ብሎ ጨብጦ በኦሮምኛ ያናግራቸው ጀመር። እኔና ወንድሜ ቋንቋውን ከሰላምታ በላይ አንሰማም፤ ዝናቡ ውስጥ ቆመን ፊታቸውን ብቻ እናያለን። የሽማግሌው ድምፅ መጀመሪያ ከፍ አለ፣ ቆይቶ ዝቅ አለ፣ በመጨረሻ ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ምን አልካቸው?» አለ ወንድሜ።

«ጥፋቱ የሁለታችን ነው አልኳቸው። መኪናዎን ጠግነን እስክንመልስ ድረስ፣ መኪና ተከራይተን ጭነትዎን እናመላልሳለን አልኳቸው።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ሳልጠይቅህ። አንተም ፍሬኑን ለብቻህ ጨርሰህ ነው የለቀቅከው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ የሠራኸውን እኔ ሳልነዳው ከግቢ አይወጣም። እኔ የሠራሁትንም አንተ።»

ወንድሜን እንዲህ የተናገረው ሰው አላውቅም፣ አባታችንን ጨምሮ። ቁጣው እስኪወርድ ጠበቅኩ። ወንድሜ ግን ፊቱን በእጁ ጠረገና «እሺ» አለ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መኪናዋን ከአጥሩ ሲገፏት፣ የወንድሜ ዓይን የቀላው በዝናቡ እንዳልሆነ አወቅኩ።

ለመኪናዋ ጥገና ዕዳ ሲባል የጓደኛው ሠርግ ከጥር ወደ ፋሲካ ማግስት ተገፋ። አላማረረም። ሚዜው ወንድሜ ነበር።

ነገሩን ለመምህሬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሽማግሌውስ ደህና ናቸው?» ብለው ነው።

«ደህና ናቸው» አልኳቸው። «ያኔ ማን ይጎዳል ሲሉኝ ማንም ብዬዎት ነበር።»

«አሁንስ?»

«ወንድሜ ነበር የሚጎዳው። እዚያ አጥር ሥር ብቻውን ይቆም ነበር።»

ረዳቶቹ ተጣርተው እስኪያልፉ ጠበቁና፣ ለክፍሉ እንድደግመው አስነሱኝ።