ዘመን አቆጣጠር በእትዬ አሰፋሽ ካሜራ

ገዳሪፍ ውስጥ እትዬ አሰፋሽን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት ድንበር የተሻገረ ነው፣ ወይ ፖሊስ የሚፈልገውና ፎቶ መነሳት የማይወድ ነው። በመኸር ጊዜ መጋዘን ገብተው ሰሊጥ ያበጥራሉ። ሰሊጡ ሲያልቅ ሠርግና ክርስትና ያነሳሉ። ሁለቱንም ሥራ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ፊት ነው፤ ገለባውንም ሙሽራውንም እኩል ገላምጠው ያያሉ። እኔ ይልቃል እባላለሁ፤ ረክሻ ነጂ ነኝ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምትሉትን ማለቴ ነው። ወደየሠርጉ የማመላልሳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ስለዚያ ካሜራቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእኔ በላይ የተሰቃየበትም የለም።

ካሜራው ብርማ ነው፣ የልብስ ሳሙና ያህላል። ከፖርት ሱዳን በጆንያ ከመጣ አሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ፣ ከፀጉር ማድረቂያና ከተሰበረ ሬዲዮ መካከል አንስተው ነው የገዙት። ሻጩ በዓረብኛ አክብሯቸው፣ “ያ ሐጃ፣ ይሄ ዲጂታል ነው፣ ፊልም አይበላም” አላቸው። እውነቱን ነው፣ ፊልም አይበላም። የሚበላው የባትሪ ድንጋይ ነው። ሁለት አዲስ ድንጋይ አጉርሰውት ከቤተ ክርስቲያን እስከ ምሳ ከታገሠ ትልቅ ነገር ነው። የሞቱትን ድንጋዮች እትዬ አሰፋሽ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ ያደርጉና ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። የገዳሪፍ ፀሐይ እንኳን ድንጋይ ሬሳም ያስነሳል፤ ለሦስት ፎቶ ያህል ነፍስ ይዘራሉ።

ሌላው ጠባዩ መዘግየት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው አያነሳም፣ መጀመሪያ ያስባል። የእኛ ሰው ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን ውጦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ቁልፉ ጠቅ ሲል “አለቀ” ብሎ መተንፈስ፣ ማከክ፣ መሳቅ ሲጀምር ያኔ ካሜራው ብልጭ ይላል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ሙሽሮች ጥርሳቸው የሚታየው በእትዬ አሰፋሽ ፎቶ ብቻ ነው። አንድ ቄስ እያዛጉ ስለወጡ እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም። ማንኛውም ሰው ኪሱ ውስጥ ከዚህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ካሜራ ያለው ስልክ ይዞ ይዞራል፤ ሠርግ ሲመጣ ግን እሳቸው ካልተጠሩ ሠርጉ እንደተሠረገ አይቆጠርም።

ምክንያቱ ቀኑ ነው። ካሜራው ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቀለም ቀን ይጽፋል። ድንጋይ በተቀየረ ቁጥር ግን ዘመኑን ይረሳና መልሶ ይጠይቃል። እትዬ አሰፋሽም ይነግሩታል፤ በሐበሻ አቆጣጠር።

“እትዬ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ የሚሠራው በፈረንጅ ዘመን ነው” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ዕቃው የማነው?”

“የእርስዎ ነው።”

“እንግዲያ በእኔ ዘመን ይሥራ።”

ካሜራው ግን በቀላሉ የሚገዛ አይደለም። ጥቅምት ለእሱ ሁለተኛ ወር ስለሆነ፣ ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ወሩ አለቀ ብሎ ወደ ኅዳር ይዘላል። ሃያ ዘጠኝን ሊያስገቡለት ቢታገሉ እሺ አይልም። ስለዚህ በጥቅምት የመጨረሻ ሁለት ቀናት ሥራ የለም። ጳጉሜንን ጭራሽ አልሰማም። በጳጉሜን የሚያገባ ባይኖርም ክርስትና ይኖራል፤ ሰው ሲለምናቸው፣ “ካሜራው ጾም ላይ ነው” ብለው ይመልሱታል። ግትርነት ማዕረግ ቢኖረው ኖሮ እትዬ አሰፋሽ ጄኔራል ይሆኑ ነበር።

በጥር ሃያ ሁለት ቀን 2014 ፍሰሃና መብርሂት ተጋቡ። ፍሰሃ ገዳሪፍ ውስጥ ዓመታት የከረመ መካኒክ ነው። ካናዳ ያለ ወንድሙ ሊወስደው ጉዳዩን ከጀመረ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ላይም “ያላገባ” ተብሎ ተሞልቷል፣ እውነትም ያኔ አላገባም ነበር። መብርሂት ደግሞ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ተከዜን ተሻግራ ካምፕ የገባች ልጅ ናት፤ ዝምታ የምታበዛ፣ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ የምትሸፍን። በእትዬ አሰፋሽ ፎቶ ላይ እጇ ከመድረሱ በፊት ተይዛለች፤ ጥርሷ ይታያል፣ ፍሰሃ ከረባቱን እየፈታ ነው፣ ጥግ ላይ 2014 የሚል ቁጥር አለ። ሲሃም የምትባል የሱዳን ውልድ ጎረቤታችንም በስልኳ መዓት ፎቶ አንስታ ነበር። በሲሃም ፎቶዎች ላይ ግን ሙሽራውም ሙሽራዋም ቄሱም ስልኳ የለጠፈላቸው የጥንቸል ጆሮ አላቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ የፍሰሃ በረራ ደረሰ። ሚስቴን ትቼ አልሄድም ብሎ አስቸገረ፤ ሂድ፣ እሷ ትከተልሃለች ተባለና ሄደ። በዓመቱ መብርሂት ለካናዳ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። የጥንቸል ጆሮ ያለውን ትታ የእትዬ አሰፋሽን ፎቶ ይዛ ገባች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠያቂው ፈረንጅ ፎቶውን አየና፣ ተጋባን የምትይው በ2022 ነው፣ ፎቶው 2014 ይላል አላት። የእኛ አቆጣጠር ነው ስትለው፣ የእናንተን አቆጣጠር አውቃለሁ፣ ካሜራ ግን አያውቀውም፣ ካሜራን በሐበሻ ዘመን የሚሞላ ሰው በዓለም ላይ የለም አለ። እንግዲህ ፎቶው የ2014 ከሆነ ፍሰሃ “ያላገባ” ብሎ የሞላው ውሸት ነው፤ የእሷ መቅረት ብቻ ሳይሆን የእሱም ጉዳይ እንደገና ይመረመራል። የ2022 ከሆነ ደግሞ ፎቶው ተነካክቷል። በቁጥሩ መሠረት መብርሂት የተዳረችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፎቶው ላይ ቆማ የምትስቀዋን የደረሰች ሴት ማንም ልብ አላላትም። ፎቶ አንሺዋን ይዘሽ ነይ፣ ያለዚያ ጉዳዩ ይዘጋል ተባለች።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱንም ጭኜ ሄድኩ፤ እኔም ሠርጉ ላይ ስለነበርኩ ሁለተኛ ምስክር ነኝ። መንገዱን ሙሉ እትዬ አሰፋሽን ለመንኳቸው።

“እትዬ፣ ካሜራው ተበላሽቷል ይበሉ። ቀኑ ልክ አይደለም ይበሉ። ኻላስ፣ በቃ፣ ያልቃል።”

“ልክ ያልሆነው ምኑ ነው?”

“ምኑም። ግን ይበሉ።”

“ጥር ሃያ ሁለት አልነበረም? እሑድ አልነበረም? አንተ ራስህ ሦስት ሰው የሚበላውን ሥጋ ብቻህን አልበላህም?”

መብርሂት ከኋላ ሆና መሀረቧን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

እትዬ አሰፋሽ እምነታቸው በካሜራው ላይ ነበር። ፈረንጁን ራሱን አንስተው፣ የዛሬውን ቀን በእኛ ዘመን ሲጽፍ ሊያሳዩት አስበዋል። በር ላይ ግን ጥበቃው ቦርሳቸውን በርብሮ ካሜራውን አወጣና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ብሎ ያዘባቸው። ዋናው ምስክር ደጅ ቀረ።

ፈረንጁ መነጽር ያደረገ፣ የደከመው ሰው ነው። አስተርጓሚው ጆኒ የሚባል፣ ካርቱም ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው፤ አማርኛው ውስጥ ግማሹ ዓረብኛ ነው።

“ያ ሐጃ፣ ሱራው፣ ማለት ፎቶው ላይ ያለው ቀን ልክ ነው ወይ ይላል ሙዲሩ” አለ ጆኒ፣ አለቃውን ማለቱ ነው።

“ልክ ነው።”

ረክሻዬን ጥዬ በባሱንዳ ድንበር በኩል ብጠፋ ተመኘሁ። መብርሂት መሀረቧን መጠቅለል አቆመች።

“ዘንድሮ ስንት ነው ይላል።”

“2015።”

“የእኔ ኮምፒውተር 2023 ነው የሚለው ይላል።”

“ኮምፒውተርህን ማን ሞላው በለው።”

ጆኒ ከንፈሩን ነከሰ። “ተርጉም እንጂ!” ብለው ጮኹበት። ተረጎመ። ፈረንጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ፣ ለመሆኑ ቀን ለምን ያስጽፋሉ፣ ቀኑ ባይኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አላቸው።

እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“እኔም ባል ነበረኝ” አሉ።

እኔ ስንት ዓመት አመላልሻቸው ይህን አልሰማሁም።

“በደርግ ጊዜ ከአርማጭሆ ሸሽተን ወድ ኤል ሒለው ካምፕ ነበርን። እዚያው ዛፍ ሥር ተጋባን። ሶፎኒያስ ይባላል። እሱ ቀድሞ ወደ ውጭ ሄደ፣ እኔ ልከተል። እንዲህ ያለ ክፍል አስገቡኝ፣ እንዳንተ ያለ ሰው ጠየቀኝ። ፎቶ አለሽ? የለኝም። ቀኑ የተጻፈበት ነገር አለሽ? የለኝም። አንድ ሽማግሌ ምስክር ወሰድኩ። ነፍሳቸውን ይማርና ሐቀኛ ሰው ነበሩ። ሲጋቡ በዓይንዎ አይተዋል ወይ ቢሏቸው፣ ‘ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም ውሃ ልቀዳ ወንዝ ወርጄ ነበር፣ እልልታውን ነው የሰማሁት’ አሉ። እልልታ አይቆጠርም አሉኝ። ቀረሁ። ሶፎኒያስ ጥቂት ጊዜ ደብዳቤ ላከ፣ ከዚያ ተወው። ሰው ነው፣ ምን ያድርግ። እና ካሜራ የገዛሁ ቀን፣ ባነሳህ ቁጥር ቀን ጻፍ አልኩት። ሌላ ሴት ቀን አጥታ እንዳትቀር።”

ጆኒ ይህን ሲተረጉም አንድ የዓረብኛ ቃል አልቀላቀለም። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አዘንኩ፤ ያዘንኩት ባላቸውን ስላጡ ብቻ አይደለም። ሴቶቹን እንዲያሻግር ብለው ያጻፉት ቁጥር ይኸው አንዷን በር ላይ አስቁሟታል። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ፈረንጁ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ጆኒም አስከተለ፤ “አምንዎታለሁ ይላል። ካሜራን በዚህ ዘመን የሚሞላ ሰው የለም ብሎ ነበር፣ አሁን ግን እንዳለ በዓይኑ አየ። ነገር ግን እሱ የሚጽፈውን የሚያነቡት ሰዎች እርስዎን አላዩም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይበሉለት። ፎቶው ላይ ያለው ቀን ስሕተት ነው ይበሉ። ያኔ ጉዳዩን ያጸድቃል፣ ልጅቷ ትሄዳለች።”

 እኔ በልቤ ስንት ዓይነት ስለት እንደተሳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። እትዬ አሰፋሽን አውቃቸዋለሁ፤ እንኳን ለፈረንጅ ለቄስም አይመለሱም።

መብርሂት ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው። “ኣደይ፣ እናቴ፣ ይተዉት” አለች። “እውነቱን ነው የተናገሩት። እግዚሄር ያውቃል።” 

እትዬ አሰፋሽ ዞረው አዩዋት። ሙሽራ ሲያዩ የሚገላምጡት ግልምጫ አልነበረም።

“ስሕተት ነው” አሉ።

ጆኒ ተረጎመ። ፈረንጁ መጻፍ ጀመረ፣ መሃል ላይ ቀና ብሎ ጠየቀ።

“ስሕተቱ የካሜራው ነው ወይስ የእርስዎ ይላል።”

“የእኔ ነው። መሃይም ነኝ። ፊደልም ቁጥርም አላውቅም፤ ዝም ብዬ ስነካካው ነው።”

ዳዊት በቃላቸው የሚወጡ ሴትዮ ናቸው። በየዓመቱ ባሕረ ሐሳብ አስልተው ፋሲካን ከካህናቱ ቀድመው የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። ጆኒም ይህን ስለሚያውቅ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ፈረንጁ ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን አጠፈ። ለመብርሂት፣ ተዘጋጂ አላት።

ውጭ እንደወጣን መብርሂት ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። እሳቸው፣ “ተነሽ፣ ሰው ያየናል” እያሉ ጎተቷት። ካሜራቸውን ከጥበቃው ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ልጅቷን ለፍሰሃ ስልክ እንድትደውል ዘመዶቿ ቤት አወረድናትና ሁለታችን ቀረን።

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔም ቀልድ ቢጤ ሞከርኩ።

“እትዬ፣ ውሸቱንስ ዋሹ እንበል። መሃይም ነኝ እስከማለት ግን ምን አደረሰዎት?”

 ረክሻዋ ሰሊጥ የጫነ መኪና ለማሳለፍ ስትቆም ተናገሩ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “እኔ እኮ ያኔ የቀረሁት አንድ ውሸታም አጥቼ ነው።”