ለዳምጠው የተሠራ ቤት

ሰፈሩ የሚያውቀው ከሥራ መሣሪያው በወጣለት «ውሃልኩ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሲያነጥፍ ኖሯል። ከመንበርከክ ብዛት ሁለቱም ጉልበቶቹ እንደ ተረከዝ ጠንክረዋል። እሱ ባነጠፈው ሴራሚክ ላይ የውሃ ጠብታ ብትወድቅ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገብቷት ባለችበት ትቀራለች ይባልለታል። ይህ ሲነገር አንገቱን ይደፋል እንጂ፣ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

ለሰው ሲሠራ የኖረ ሰው የራሱን ቤት የሚያስታውሰው በመጨረሻ ነው። ውሃልኩም የራሱን ሳሎንና ኮሪደር ያነጠፈው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር፤ ግን ሲሠራው ልክ አስገብቶ ሠራው። ነጭ፣ ሰፋፊ፣ መጋጠሚያው በፀጉር የተሰመረ የሚመስል፣ ጎንበስ ብለው ጥርስዎን የሚያዩበት ወለል። እንግዳ ማንም ሳያዝዘው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ «ይኼ ሰው እኔን ያገባኝ ወለሉን የምታጸዳለት ፈልጎ ነው» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች፤ ግን እሷም በወለሉ ትኮራ ነበር።

ታዲያ በዚህ ወለል ላይ ሁለት ግዙፍ ውሾች ሊመጡበት ሆነ።

ውሾቹ የታላቅ እህቱ ናቸው። እናታቸው ስትሞት ውሃልኩ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እህቱ አሥራ ዘጠኝ። የሆስፒታል አንሶላና ጋውን እየሰፋች አሳደገችው። ሊያገቧት የመጡትን «መጀመሪያ ልጄን ላድርሰው» እያለች መለሰች፤ ልጇ ሲደርስ ጠያቂዎቹ አልፈው ነበር። በዚህ አማርራ አታውቅም። ለነገሩ ስለ ራሷ ምንም ብላ አታውቅም። ውሃ ጠምቷት እንኳ «ውሃ ስጡኝ» አትልም፤ «ዛሬ ሙቀቱ በረታ» ትላለች፤ የገባው ያመጣላታል፣ ያልገባው ይቅርበት።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ብቸኝነቷን የሞሉላት ሁለቱ ውሾች ናቸው። አንደኛው ዳምጠው ይባላል፤ ገና ቡችላ ሳለ የረገጠውን ሁሉ ስለሚደፈጥጥ በመንገድ መዳመጫው ማሽን ስም ተጠራ። ውሃልኩ በራሱ ሚዛን ሲገምተው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያክላል። ሁለተኛዋ ሚጢጢ ናት። ስትመጣ መዳፍ ላይ ትቀመጥ ነበር አሉ፤ ዛሬ በር ላይ ከቆመች በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

እህቱ የምትኖረው አሥራ አንድ ደረጃ ባለው ፎቅ ቤት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የውሾቹን ምግብ ይዛ ስትወጣ ከሰባተኛው ደረጃ ላይ ወደቀች። የግራ ዳሌዋ ተሰብሮ በብረት ተጠገነ። ሐኪሙ ውሃልኩን ለብቻው ጠርቶ «ደረጃ የሚባል ነገር እንዳታይ። ብቻዋንም እንዳትኖር። ሁለተኛ ከወደቀች እኔ ምንም አላደርግላትም» አለው።

«እታለም፣ እኛ ጋ ነይ» አላት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ።

«እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ነው፤ አልሰማህም?»

«አንቺ ለእኔ እንግዳ ነሽ?»

«ከነውሾቼ ከሆነ እመጣለሁ። አንድ ወር። ከዚያ በላይ ግን አትለምነኝ» አለች።

ውሃልኩ ውሻ አይወድም። ግን እሺ አለ፤ እሷ እሺ ያለችው ነገር ቢቆጠር ቀኑ ይመሽ ነበርና። በልቡም «ወሩ ይግባ እንጂ አትወጣም፤ ቤቱ ራሱ ያስቀራታል» አለ። የምትመጣ ዕለት ከሥራ ቀርቶ ወለሉን አጠበ፣ አደረቀ፣ ሰም ቀባ። ሰሙን አሻሸው። ደግሞ ቀባ። «በቃህ፣ አያንሸራትትም?» ብትለው ሚስቱ፣ «ለእሷ ያልበራ ለማን ሊበራ ነው?» አላት። በእሱ ሙያ ክብር ማለት ብርሃን ነው፤ ሌላ አክብሮት አያውቅም። ጉድ የሆነውም በዚሁ ነው።

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የገባው ዳምጠው ነበር። ሦስት እርምጃ እንደሄደ አራቱ እግሮቹ በአራት አቅጣጫ ተበታተኑና በደረቱ ወደቀ። ሊነሳ ሞከረ፤ ጥፍሮቹ መስታወት ላይ እንደሚቧጥጥ ሚስማር እየጮኹ ወደ ኋላ ተመለሱበት። ሁለተኛ ሞከረና ተወው። አገጩን ወለሉ ላይ አድርጎ ሰዎቹን ከታች ወደ ላይ አያቸው። ሚጢጢ ይህን አይታ ደጃፉ ላይ ተተከለች፤ ቢጎትቷትም ቢለምኗትም አልገባም አለች። እህትየውም ምርኩዟን ይዛ ከደጃፉ አላለፈችም።

«ውሻዬ ፈራ» አለች።

ውሃልኩ ከውሻው ሆድ ሥር ብርድ ልብስ አስገብቶ እየጎተተ አወጣው። ከበሩ እስከ መኝታ ቤት ብርድ ልብስና ምንጣፍ አነጠፉ። ነገር ግን ሰም በተቀባ ወለል ላይ ምንጣፍ ራሱ ይሄዳል፤ አንዱን ሲያስተካክሉ አንዱ ይሸሻል። ሚስቱ ከመዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን ዘዴ አመጣች፦ ውሾቹ ከድስት ሥር እንዳይገቡ ማድ ቤቱ በር ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ አጭር በር አስገጠመች። «ሕፃን ነው ውሻ ነው፣ ልዩነቱ ጭራ ብቻ ነው» አለች። አጭሩ በር ጠቀመ፤ ወለሉ ግን ያው ወለል ነው።

እህቱ በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ መዋል ጀመረች። ጠዋት ደግፈው ወደ ወንበሩ ይወስዷታል፣ ማታ ወደ መኝታ ቤት ይመልሷታል። «ትንሽ አረፍ በይ፣ ትንሽ ተራመጂ፤ ሐኪሙ ተራመጂ ብሎሻል» ቢላት፣ «ዳምጠው ብቻውን ይሆንብኛል» ትለዋለች። ምግብ ትቀንሳለች። ሻይ ሲቀርብላት ከንፈሯን ነክታ ታስቀምጠዋለች።

«እትዬ፣ ኧረ ይጠጡ እንጂ» ትላታለች የወንድሟ ሚስት።

«ጠጥቻለሁ የኔ ልጅ፣ ተመስገን።»

በአሥረኛው ቀን ውሃልኩ ከሥራ ሲመለስ ሻንጣዋ ተዘግቶ ወንበሩ አጠገብ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ወደ ቤታችን ልንመለስ ነው። ዳምጠው እዚህ አልተመቸውም።»

ውሃልኩ እነዚያ አሥራ አንድ ደረጃዎች ዓይኑ ላይ ተደረደሩበት። «ወለሉ ነው?» አላት።

«ወለልህማ ያምራል። እጅህ ይባረክ። ውሻው ነው ያልቻለው።»

«አምስት ቀን ስጪኝ» አላት። «አምስት ቀን። ከዚያ ካልሆነ ራሴ አደርስሻለሁ።»

በማግስቱ መሮና መዶሻውን ይዞ ሳሎኑ መሀል ተንበረከከ። የመጀመሪያዋን ሴራሚክ ሊመታ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ሁለተኛ አነሳ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሲመታው የወጣው ድምፅ ጎረቤቱን በአጥር ላይ አንጠለጠለው፤ «ውሃልኩ አበደ! የሠላሳ አምስት ዓመት ሙያውን ለውሻ ብሎ አፈረሰው!» የሚል ወሬ እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩን ዞረው። እውነት ለመናገር ውሃልኩም አንጀቱ አሯል። የተሰበረውን በባልዲ ሲያወጣ አንዷን ቁራጭ በክንዱ ወልወል አድርጎ አያትና ጣላት።

ግማሹን ቤት ሲሠራ እህቱና ውሾቹ በግማሹ እየተቀመጡ፣ አዲሱ ወለል በአምስት ቀን አለቀ። ግራጫ፣ ሸካራ፣ ሰው ለበረንዳና ለገላ መታጠቢያ የሚገዛው ዓይነት ነው። ትንንሹን መረጠ፤ መጋጠሚያው ሲበዛ እግር የሚይዘው ነገር ያገኛል። ማንም ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አያይበትም። ዳምጠው አንድ እግሩን አስገባ፤ አሸተተ፤ ሁለተኛውን አስገባ። ከዚያ እንደ ባለቤት እየተንጎራደደ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ሚጢጢም ተከተለችው። ሻንጣው ወንበሩ አጠገብ መቆሙን አልተወም፤ እህቱ ግን «እስቲ ወሩን እንይለት» አለች።

ከዚህ በኋላ ዳምጠው ጥያቄ አበዛ።

«የጓሮዋን ሁለት ደረጃ አይወዳትም» አለች እህቱ። ውሃልኩ ደረጃዎቹን ሸፍኖ ተዳፋት መውረጃ ሊሠራ ለካ። ቀስ ብሎ እንዲወርድ ካስፈለገ አራት ሜትር ይሆናል።

«ለውሻ አራት ሜትር አልበዛም እታለም?»

«ያረጀ ውሻ ነው። አይሮጥም።»

አራት ሜትር ሠራ። ቀጥሎ ዳምጠው ጎንበስ ብሎ ሲበላ አንገቱን ያመው ጀመር፤ ሳህኖቹ በእንጨት ቆመው ጉልበት ድረስ ከፍ አሉ። ሚጢጢ ደግሞ መንገድ ማየት ትወዳለች ተባለ፤ የሳሎኑ መስኮት የታችኛው ጭጋጋማ መስታወት ወጥቶ ጥርት ያለ ገባበት። የጓሮው በር ጥግ ላይ ጭቃ እግር የሚታጠብበት ቦታ ተሠራ፤ ቧንቧው ከወገብ ላይ፣ ከጎኑም መቀመጫ። አንድ ቀን ደግሞ ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ቢኖር ጥሩ ነበር ተባለ።

«ዳምጠው ጨለማ ይፈራል» አለች እህቱ።

ሚስቱ ማድ ቤት ውስጥ ባሏን ጠጋ ብላ «ጨለማ የሚፈራ ውሻ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን ላድርግ፣ አርጅቷል» አላት፤ መብራቱንም ገጠመ። ሰውዬው ለሚሊሜትር የሚጠነቀቀውን ያህል ለነገር አይጠነቀቅም።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ውሃልኩ የረሳውን ውሃ ልክ ሊወስድ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ተመለሰ። ሁለቱም ውሾች ጓሮ ፀሐይ ላይ ተዘርረው ያንኮራፋሉ። በሳሎኑ መስኮት፣ በዚያ ጥርት ባለው መስታወት፣ ወደ ውስጥ አየ።

እህቱ ኮሪደሩ ላይ ትሄዳለች። ባዶ እግሯን ናት። ምርኩዙ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። አንድ መዳፏን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ እርምጃዋን ትቆጥራለች። ጫፍ ደረሰች፤ ዞረች፤ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ካለው ማሰሮ ውሃ ቀድታ ብርጭቆውን ሙሉውን ጠጣችው። ደግማ ቀዳችና እሱንም ጠጣችው።

ውሃልኩ ግድግዳውን ተደግፎ መስኮቱ ሥር ቁጭ አለ። ያን ዕለት ደጃፉ ላይ የቀረችው ለውሻው ብላ አልነበረም። አሥር ቀን ከወንበር ያልተነሳችው፣ ሻይ ነክታ የምታስቀምጠው፣ ወደ ሽንት ቤት በዚያ መስታወት በመሰለ ወለል ላይ መሄድ ፈርታ ነው። ሰም ሁለት ጊዜ ቀብቶ የጠበቃት ማን ሆነና! ውሻው ወደቀና ሁሉም አየው፤ ውሻ ሲወድቅ አይደብቅም። እሷ ግን በአምስት ቀን የፈረሰውን ወለል፣ አራት ሜትሩን መውረጃ፣ መብራቱን፣ ሁሉንም በውሻ አፍ ለመነች። ለራሷ ለምና አታውቅማ። ያሳደገችውን ልጅ መለመን ከየት ትልመደው! እንባውን ሲሚንቶ በያዘ እጁ ሲጠርገው ዓይኑ ተቃጠለ።

መጀመሪያ ገብቶ «እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ሊላት አሰበ። ወዲያው ተወው። ይህን ቢል ነገ የማንን ስም ጠርታ ትለምነዋለች? ተነስቶ ወደ አጥሩ በር ተመለሰ፤ በሩን አንኳኳ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ጫማውን አራገፈ። ሲገባ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ምርኩዙም በእጇ ነው።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ዳምጠው እንዴት ዋለ?»

«ተመስገን። ዛሬ ደህና ተራመደ።»

«ጎሽ።» ውሃ ልኩን ከመደርደሪያው አንስቶ እንደያዘ ቆመ። የሚናገረው ሲጠፋው ሻንጣውን አየ። «አንድ ነገር አስቤ ነበር። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መደገፊያ ባስርለት… ሲነሳ የሚይዘው።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ከጓሮ የዳምጠው ማንኮራፋት ይሰማል።

«ግን ግድግዳው ተበስቶ የሚገባ ነው» አለ ውሃልኩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ለሁለት ቀን ብዬ አልበሳውም። የሚቆይ ከሆነ ነው።»

እህቱ በእግሯ ሻንጣውን ከመንገድ ላይ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችው።

«ዳምጠውማ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል» አለች። «በቀኝ በኩል አድርግለት። ግራ ዳሌውን ነው የሚያመው።»