ካሜራው ፊት ቀና ያሉት ሽማግሌ

ፖሊሶች የያዙኝ አዳማ ውስጥ ከማስተምርበት ኮሌጅ ስወጣ ነው። እጄ ላይ የነበረውን የጠመኔ ብናኝ እንኳ አላራገፍኩም። ጥፋቴ ለአንድ ተማሪ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የታሰርኩበት ክፍል አሥራ አንድ ሰው ነበረበት፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከእርሻቸው ከተያዙ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፤ ቤተሰባቸው የት እንዳሉ አያውቅም።

«ምን ነበር የምታስተምረው?» አሉኝ።

«ስለ ቴሌቪዥን፣ አባባ።»

«እሱ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? መክፈትና መዝጋት ነው።»

ሳቄ መጣ። በስልክ ሁለት ሰዎች ይጠያየቃሉ፣ ይመላለሳሉ፤ ሬዲዮ ለብዙ ሰው ያወራል፣ ግን አያሳይም፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ድምፅም ምስልም ከአንድ ቦታ ለሁሉም ይልካል፣ የሚያየው ሰው ግን መልሶ ሊያናግረው አይችልም አልኳቸው።

ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እንግዲያው እሱ አይሰማንም፤ አገር ግን ያየናል።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጋሪዳ» አሉ በኦሮምኛ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

በሳምንቱ ለቴሌቪዥን ዜና የሚቀርጹ ሰዎች መጡ። ግቢው ውስጥ አሰለፉን።

«አንገታችሁን ድፉ!» አለ የጠባቂዎቹ አዛዥ።

ደፋን። እኔም ደፋሁ። ሽማግሌው ግን ካሜራው እኛ ጋ ሲደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ቀና አሉ። እስኪያልፍ ድረስ ትክ ብለው አዩት።

ለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሟቸው። ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

በሦስተኛው ቀን ስማቸው ተጠራ። ልጃቸው ምግብ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሽንኩርታቸውን የሚገዛ፣ ደራ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ዜናውን አይቶ «አባትሽ አዳማ ናቸው፤ በሕይወት አሉ!» ብሎ ደውሎላት ነው።

ምግቡን ታቅፈው ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ብለን አጨበጨብን። ጠባቂው በሩን ቢደበድብም አላቆምንም።

ካሜራው ሌላ ጊዜ ሲመጣ ያው ትእዛዝ ተሰጠ። አሥራ ሁለታችንም ቀና ብለን ቆምን። አዛዡ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፤ ከዚያ ተወን። በማግስቱ እናቴ ዜናውን አይታ መጣች።

አሁን እኔም ሽማግሌውም ወጥተናል። ሰው አንገቱን የሚደፋው ብቻውን የቀረ ሲመስለው ይመስለኛል። ስለ እስር ሲጠይቁኝ ብዙ አላወራም። እዚያ አንድ ቀን ማሸነፋችንን ግን ለማንም እናገራለሁ።