የተገረዙት ሰዎች ሳቅ

መንጌ አካባቢ ወርቅ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ባሌ ከሌሎች ወንዶች ጋር ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እኔ ሻይና ቦንቦሊኖ ይዤ ከማንጎው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ፤ ሰው ፊት መናገርም አልወድም። ሻይ የሚጠጡት ወንዶች እኔ የሌለሁ ይመስል ያወራሉ፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው ብርጭቆ አጥባለሁ። ስለ ወንዶች የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት እንደዚህ ነው።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር መጣች። ከቆፋሪዎቹ መካከል በባህላቸው የማይገረዙ ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ እነሱን ስለ ግርዛት ልታስተምር ነው። አንደኛው ከወንዙ ማዶ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከባሌ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል።

«የሸለፈት ውስጠኛው ቆዳ ስስ ነው» አለች ሲስተሯ። «ኤችአይቪ የሚይዛቸው ሴሎች እዚያ ይበዛሉ። ስለዚህ መገረዝ አደጋውን ይቀንሳል።»

የእኛዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይሰሙ ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቁ። «በሉ እናንተ ስሙ» አለ ባሌ፤ «እኛ በሕፃንነታችን ተከትበናል።» ወደ ዝምተኛው የጉድጓድ ጓደኛው ዞሮም «አይዞህ ወንድሜ፣ ሲቆርጡህ እጅህን እኔ እይዝልሃለሁ» አለው። ሲስተሯ «ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የተገረዘም ይያዛል» ስትል ሳቁ ገና አላለቀም ነበር። የሰማት ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ዝምተኛው ሰው ሄዶ ተገረዘ። ሽርጥ አገልድሞ እግሩን ከፈት አድርጎ ሲመለስ «ሙሽራው መጣ» እያሉ እልል አሉለት። ፈገግ ብሎ ሻዩን ጠጣ።

ባሌ ወርቁን ለመሸጥ አሶሳ ይወርዳል። አንዳንዴ እዚያው ያድራል። የት እንደሚያድር አልጠየቅሁትም፤ መልሱን የማያውቅ ሰው ነው የሚጠይቀው። ከአንዱ ጉዞ ሲመለስ ሽንት ሲሸና ፊቱ እንደሚጨማደድ አየሁ። ሱሪውን ሳጥብ ከኪሱ ቀይና ቢጫ ካፕሱል አገኘሁ። ቆፋሪ ሁሉ ድንጋይ ወይም አካፋ ሲያቆስለው ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ባሌም እዚያ ቦታ ላይ ለወጣበት ቁስል ያንኑ አደረገ።

«ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ነው የፈተገኝ» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋዬ ሲደርስ ለሌላ ሰው እየለቀቅሁ የመጨረሻዋ ሆንኩ። ስገባም ወለሉን እያየሁ «ባሌ ቁስል አለው» አልኩ።

«የት?»

ወደ ተከፈተው በር አየሁ። ሲስተሯ ተነስታ በሩን ዘጋችው። «ገባኝ እህቴ» አለች። «ቆዳ አጥር ነው፤ ቁስል ሲኖር አጥሩ ይፈርሳል። ከዚያ የሚብስ ደግሞ አለ። ሰውነት የቆሰለውን ቦታ ለማዳን ወታደሮቹን ወደዚያ ይልካል። ኤችአይቪ የሚፈልገው እነዚያኑ ወታደሮች ነው። ሊከላከሉ መጥተው እጁ ላይ ይወድቃሉ።»

«ተገርዟል እኮ» አልኩ።

«ቢገረዝም። አሁን ቶሎ ይምጣ፤ ቁስሉ በመድኃኒት ይድናል። ከዚያ እንመረምረዋለን። እስኪድን እንዳትገናኙ።»

መንገዱን ሙሉ ስለነዚያ ወታደሮች አሰብኩ። ወታደር በብዛት የተሰበሰበበት ቦታ ሰላም እንዳልሆነ በእኛ አገር ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተቆጣ። «ሰው ፊት ስለ እኔ ገላ አወራሽ? እኔ አፍ የሌለሽ መስሎኝ ነው ያገባሁሽ።»

«አሁን ብትሄድ ይድናል አለች።»

«ያ ትምህርት ላልተገረዙት ነው። እኔን አይመለከተኝም።»

ማታ ምንጣፌን ይዤ ለብቻዬ ልተኛ ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ። እሱም አኩርፎ አሶሳ መመላለሱን አበዛ። ቁስሉ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። እኔ «ሂድ» እላለሁ፤ እሱ ኮፍያውን አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

ክረምቱ እንዳለፈ ብሽሽቱ አብጦ ትኩሳት ያዘው። አንድ ቀን ከጉድጓዱ መውጣት አቃተው። በገመድ የጎተተው ያ ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛ የእናቱ ቋንቋ አይደለም።

«ተነሳ» አለው። «ሞተር መጣ። እኔ ከኋላ ይይዝሃል።»

በሹፌሩና በእሱ መካከል አስቀምጦ፣ ሁለቱንም እጆቹን በደረቱ ላይ ቆልፎ ይዞት ጤና ጣቢያ ድረስ ወሰደው። እኔ በእግር ደረስኩ።

ባሌ ቫይረሱ ተገኘበት። እኔ ላይ አልተገኘም፤ ተመልሼ እንድመረመር ተነገረኝ። ሲስተሯ «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። «መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከዋጠ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል» ብቻ አለች።

መታመሙን ሰምታ የመጣችው አማቴ ግን ማልቀሷን አቁማ አየችኝ። «እሱ ይዞት አንቺን እንዴት ሳይዝሽ ቀረ? አንድ የምታውቂው ነገር አለ» አለች። ጤናዬም ጥፋት ሆነብኝ። ለእሷ የምሰጠው መልስ ነበረኝ፤ ግን ልጇ አልጋው ላይ እየሰማ ዝም ካለ እኔ ምን ልበል?

መድኃኒቱን ሲጀምር አገገመ፤ ወደ ቁፋሮውም ተመለሰ። በሽታው ምን እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ውጭ ከእኔ፣ ከእናቱና ከዝምተኛው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። በቅርቡ አዳዲስ ቆፋሪዎች መጡ። አንዱ ያልተገረዘ መሆኑ ሲታወቅ ያው ቀልድ ተጀመረ። «እኛ ተከትበናል» አለ አንድ ጎረምሳ። ከባሌ የተማረው አባባል ነው።

ባሌን አየሁት። ዝምተኛውም ሰው አየው። ባሌ ስለ ራሱ እንዲናገር አልጠበቅሁም፤ «ውሸት ነው» ብሎ ቢያልፍ በቂ ነበር። እሱ ግን ሻዩን እፍ እያለ ያበርዳል።

«የተገረዘም ይያዛል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ቀጭን ሆነብኝ። «ቁስል ያለበት ሰው ካፕሱል አይነስንስ። ቶሎ ይታይ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ጎረምሳው «ሻይ ሻጯ ዶክተር ሆነችልን» አለና ወንዶቹ ሳቁ። ዝምተኛው ሰው ብቻ አልሳቀም።

ባሌ አብሯቸው ሳቀ። ጠጥቶ ሲጨርስም ብርጭቆውን ዘረጋልኝ፤ ተቀብዬ አጠብኩት።